ወሩ 17 ሲል 17,000 ቃል፦ በ30 ቀን ልብ ወለድ ስለመጻፍ የደረሱን ጥያቄዎች

በአንድ ወር ውስጥ የአንድ ልብ ወለድ ረቂቅ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጽፎ መጨረስ፤ ቻሌንጁ ይኸው ነው። ዳኛ የለውም፣ ሽልማት የለውም፣ ጥሩ መጻፍም ግዴታ አይደለም። መጨረስ ብቻ ነው ግዴታው። ከጎንደርና ከዙሪያዋ የደረሱንን ጥያቄዎች ስም አስቀርተን፣ ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርገን መልሰናል።

«50,000 ቃል ነው ሲባል እሰማለሁ። ቁጥሩ ከየት መጣ? በአማርኛ ስጽፍስ ያንኑ ያህል ይጠበቅብኛል?» — ከማራኪ

የመጣው ከአሜሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ክሪስ ቤቲ የተባለ ጸሐፊ በሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ ጓደኞቹን ሰብስቦ፣ 21 ሰዎች ሆነው ጀመሩት። በዓመቱ ወደ ኖቬምበር ተዛወረና በዚያው ጸና። 50,000 ቃል በ30 ቀን ሲካፈል በቀን 1,667 ይመጣል። ቻሌንጁን ሲመራ የቆየው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2025 ሥራውን እንደሚያቆም አስታውቋል፤ ነገሩ ግን ከደብተርና ከቀን መቁጠሪያ በቀር የሚፈልገው ስለሌለ ድርጅት ኖረ አልኖረ አይጎድልበትም።

ቁጥሩ የተሰፋው ለእንግሊዝኛ ልክ ነው። እንግሊዝኛ ተውላጠ ስሙን፣ አሉታውን፣ መስተዋድዱን ለየብቻ እያስቀመጠ ይቆጥራል። አማርኛ ሁሉንም በአንድ ግሥ ላይ ይጭነዋል። «ስላልነገርኳችሁ» ለእኛ አንድ ቃል ነው፤ በእንግሊዝኛ ስድስት ይሆናል። «ከየቤታችን» አንድ ነው፤ እዚያ አምስት ነው። ስለዚህ በአማርኛ 50,000 የሚጽፍ ሰው ከእንግሊዝኛው ጸሐፊ በጣም የረዘመ ታሪክ እየጻፈ ነው፤ ወሩም ሳይጋመስ ለምን እንደደከመው አይገባውም።

የእኛ ምክር 30,000 ነው፤ በቀን 1,000። በታተመ መጽሐፍ ገጽ ከ230 እስከ 250 ቃል ቢይዝ ከ120 እስከ 130 ገጽ ይወጣዋል። ይህ ሙሉ ልብ ወለድ ነው፤ ማንም «አጭር ታሪክ» አይለውም። እጅዎ የፈጠነ ከሆነ 35,000 ያድርጉት። ከዚያ በላይ ለመጀመሪያ ጊዜ አይሞክሩት።

ስለ አቆጣጠሩ አንድ ማሳሰቢያ። ፕሮግራሞቹ ቃል የሚለዩት በክፍት ቦታ ነው። «መጣች።ተቀመጠች።» ብለው ከአራት ነጥቡ በኋላ ቦታ ካልተዉ ሁለቱ እንደ አንድ ይቆጠራሉ። «መጣች ።» ብለው ከአራት ነጥቡ በፊት ቦታ ከተዉ ደግሞ ነጥቡ ራሱ ቃል ሆኖ ይቆጠርልዎታል። በቃላት መካከል በጥንቱ ወግ ሁለት ነጥብ እያደረጉ ያለ ክፍት ቦታ ከጻፉማ አንድ ሙሉ አንቀጽ እንደ አንድ ቃል ሊቆጠር ይችላል። ከመጀመርዎ በፊት አሥር መስመር ጽፈው በጣትዎ ቆጥረው ከማሽኑ ቁጥር ጋር ያስተያዩ።

«የትኛው ወር ይሻላል? ኖቬምበርን ልጠብቅ?» — ከፒያሳ

አይጠብቁ። ኖቬምበር በእኛ አቆጣጠር ከጥቅምት 22 እስከ ኅዳር 21 ነው፤ ጳጉሜ 6 ሆና ባለፈችበት ዓመት ደግሞ አንድ ቀን ይቀድማል። ሁለት ወር ስለሚያቋርጥ ስንተኛው ቀን ላይ እንዳሉ ለማወቅ ሁልጊዜ ማስላት ሊኖርብዎት ነው። የእኛ ወር ግን ሁሉም 30 ቀን ነው። በቀን 1,000 ብለው ወር በገባ በ1 ከጀመሩ ቀኑ ራሱ መቁጠሪያዎ ነው፤ ወሩ 17 ሲል እርስዎም 17,000 ላይ መሆን አለብዎት። ሌላ ሰንጠረዥ አያሻም።

ጎንደር ለሚኖር ሰው ጥር አይሞከርም። በ7 ሥላሴ አለ፤ ከ10 እስከ 12 ጥምቀት ነው፤ ከዚያ በፊትና በኋላ ቤቱ በእንግዳ ይሞላል። የሚጽፉበት ክፍል አልጋ ይሆናል። መስከረም በእንቁጣጣሽ፣ በትምህርት ቤት ምዝገባና በመስቀል ያልቃል። ታኅሣሥ ደህና ይመስላል፤ ግን ገና የሚውለው በ29 ነው፣ እርስዎም በጣም የሚሮጡት በዚያው ሰሞን ነው።

የቀሩት ሁለት ጥሩ ወራት ኅዳርና ነሐሴ ናቸው። ኅዳር ዝናቡ ያቆመበት፣ ቢሮውም ትምህርት ቤቱም መስመር የያዘበት ነው። የሚያጎድለው በ12 ሚካኤልና በ21 ጽዮን ነው፤ ሁለቱን አስቀድመው ከሒሳቡ ያውጡ። ጾመ ነቢያት በ15 ስለሚገባ ጿሚ ከሆኑ ከዚያ ወዲያ ያለውን ጽሕፈት ወደ ማለዳ ይግፉት፤ ከሰዓት በኋላ ባዶ ሆድ ታሪክ አይመጣም። ቤተሰብዎ ገጠር ሆኖ ለአጨዳ የሚጠሩ ከሆነ ግን ኅዳርን ይተዉት።

ነሐሴ የመምህርና የተማሪ ወር ነው። ዝናቡ ከቤት አያስወጣም፣ የሚጠራም የለም። ፍልሰታ ከ1 እስከ 15 ነው፤ ቅዳሴ የሚያስቀድሱ ሰዓቱን ከዚያ ጋር ያስማሙ። መብራት ቶሎ ቶሎ ስለሚጠፋ በባትሪ ብቻ አይተማመኑ። ትልቁ ጥቅሙ ከኋላው ጳጉሜ መኖሯ ነው፦ የ5 ቀን ማካካሻ። ረመዳን የሚጾሙ አንባቢዎች ወሩ በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ያህል እንደሚቀድም አስበው የዘንድሮውን ይዩ።

«ሁለት ልጆች አሉኝ፤ ከሥራ የምወጣው 12 ሰዓት ላይ ነው። በቀን 1,000 ቃል የሚሆን ጊዜ ከየት ላምጣ?» — ከአራዳ

መጀመሪያ ስንት ደቂቃ እንደሚያስፈልግዎት ይወቁ፤ ብዙ ሰው ሳይለካ ነው የሚፈራው። ወሩ ከመግባቱ በፊት ባለው ሳምንት ስልክዎ ላይ 25 ደቂቃ ሞልተው ሦስት ጊዜ ይጻፉ፦ አንዴ ከሌሊቱ 11 ሰዓት፣ አንዴ በምሳ ሰዓት፣ አንዴ ልጆቹ ከተኙ በኋላ። የሦስቱን አማካይ ያውጡ። 250 ቃል ከመጣ 1,000 ማለት 4 ዙር፣ በድምሩ 1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ነው። ሁለቱን ማለዳ፣ አንዱን ምሳ ላይ፣ አንዱን ማታ ያድርጉ። የማታውን ብቻ ተማምነው አራቱንም እዚያ ካከማቹ በሦስተኛው ቀን ወረቀቱ ላይ ይተኛሉ።

ለቤተሰብ ሲናገሩ «ልጽፍ ነው» አይበሉ፤ «እስከ 30 ድረስ ማለዳ ማለዳ አትጥሩኝ» ይበሉ። መጨረሻው የታወቀ ነገር ይታገሡታል። እንጀራ የሚጋገርበትን ቀን፣ ልብስ የሚታጠብበትን ቀን አሁኑኑ ይወስኑና ከእነዚያ ቀኖች አንድ አንድ ዙር ይቀንሱ።

ቀን ሲያመልጥ የሚሠራው ስህተት ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ሁሉንም በአንድ ቀን ለመክፈል መነሣት። ልጅ ታመመና 7፣ 8 እና 9 አለፉ እንበል። እጅዎ ላይ 6,000 አለ፤ የቀረው 24,000 ነው። ከ10 እስከ 30 ያሉት 21 ቀናት ናቸው። ሲካፈል በቀን 1,143 ገደማ ነው፤ የተጨመረብዎት 143 ቃል፣ አንድ አንቀጽ ብቻ ነው። በ10 ላይ 4,000 ልጻፍ ያለ ሰው ግን ማታውን 1,800 ላይ ደክሞት ያቆማል፤ በ11 ከነጭራሹ አይነሣም።

አንድ ዘዴ ደግሞ የአማርኛ ግሥ መጨረሻ ላይ መምጣቱ የሰጠን ነው። ዙሩ ሲያልቅ ዓረፍተ ነገሩን አይዝጉ፤ ግሡን ሳይጽፉ ይነሡ። «አያልነሽ በሩን ስትከፍት ወንድሟ ሻንጣውን ከመሬት ሳያነሣ፣ ዓይኗን ሳያይ…» ብለው ይተዉት። ነገ ሲቀመጡ መጀመሪያ የሚጠብቅዎት ባዶ ገጽ ሳይሆን አንድ የጎደለ ግሥ ነው።

«ባለ ታሪኬ ዳኘው ከመተማ ወደ ጎንደር ይመለሳል። መንገዱን ስጽፍ 9,000 ቃል እንደ ውሃ ወረደልኝ። ጎንደር ከገባ በኋላ ግን ካፌ ተቀምጦ ይተክዛል። ይኸው ሦስተኛ ቀኑ ነው። ዛሬ 12 ነው፤ ምን ላድርገው?» — ከአዘዞ

የዳኘው ፍላጎት አልቋል። ይፈልግ የነበረው ጎንደር መግባት ነበር፤ ገባ። መንገድ ላይ ሳለ እያንዳንዱ ኬላ፣ እያንዳንዱ ሹፌር፣ ያለቀ ገንዘብ ሁሉ ከፍላጎቱ ጋር ይጋጭ ስለነበር እርስዎ ብዙ ማሰብ ሳያስፈልግዎት መንገዱ ራሱ ጻፈልዎት። አሁን የሚከለክለው ሰው የለም። የማይከለከል ሰው ይተክዛል። ሁለተኛው ሳምንት ብዙ ረቂቅ የሚሞትበት ነው፤ ምክንያቱም የመነሻው ሐሳብ የሚያልቀው እዚያ አካባቢ ነው።

ዛሬ ልብ ወለዱን ዘግተው በአንድ ብጣሽ ወረቀት ላይ ሦስት ነገር ይጻፉ። ዳኘው አሁን ምን ይፈልጋል? «ሰላም»፣ «ፍቅር» አይበሉ፤ በእጅ የሚያዝ ነገር ይሁን፦ የእናቱ ቤት ካርታ። ማን ይከለክለዋል? ክፉ ሰው አይፈልጉ፤ የራሱ እውነት ያለው ሰው ይፈልጉ፦ እሱ በሌለበት እናቱን ያስታመመች፣ ለሕክምናው ካርታውን አስይዛ የተበደረች እህት። እስከ መቼ? ቀን ይቁረጡ፦ ዕዳው የሚከፈለው ጥር 9 ነው፣ ከተማው ለጥምቀት ሲጨናነቅ፣ ገንዘብ የሚያበድርም ሰው የሚያዳምጥም ሰው በማይገኝበት ሰሞን።

ልዩነቱ ገጹ ላይ ወዲያው ይታያል። የአሁኑ እንዲህ ዓይነት ነው ብለን እንገምታለን፦

«ዳኘው ካፌው በረንዳ ላይ ተቀምጦ ያለፈ ሕይወቱን አሰበ። ጎንደር ተለውጣለች። ሰዎቹም ተለውጠዋል። ሕይወት ከባድ ናት።»

ሦስቱ ጥያቄዎች ከተመለሱ በኋላ ያው ካፌ፣ ያው በረንዳ፦

«ዳኘው ማኪያቶውን ሳይቀምስ ሁለት ጊዜ ሰዓቱን አየ። እህቱ 4 ሰዓት ብላው ነበር። 4 ከ20 ላይ የመጣው ባሏ ነው። ወንበር ሳይስብ፣ በቁሙ፣ "አንቱ ነዎት አሉ የቤቱ ባለቤት?" አለው።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ልብ ይበሉ። የእህቱ ባል እኩያው ነው፤ አንተ ሊለው ይችል ነበር። አንቱታው ራሱ ጠብ ነው። በእኛ ቋንቋ አንተ፣ አንቺ፣ አንቱ የሚለው ምርጫ ብቻ አንድ ሙሉ ቅራኔ ይሸከማል፤ «በንዴት ተናገረ» የሚል ማብራሪያ አያስፈልግም። ውይይት ላይ ሲደርቁ ማን ማንን እንዴት እንደሚጠራ ይቀይሩና ምን እንደሚሆን ይዩ።

ወደ ኋላ ተመልሰው ግን የመተማውን መንገድ እንዳያስተካክሉ። እህቱ ከመጀመሪያው መጠቀስ ነበረባት፤ እናውቃለን። አሁን ባሉበት ቦታ ላይ «ፐፐ እህቱን መንገድ ላይ ስልክ ያስደውሏት» ብለው ጽፈው ይለፉ። ፐ በአማርኛ እምብዛም የማትገኝ ፊደል ስለሆነች ሁለቷ ተከታትላ የምትመጣው እርስዎ ባስቀመጡበት ብቻ ነው፤ በኋላ በፍለጋ ሁሉንም በአንድ ደቂቃ ያገኛሉ።

«የእኔ ታሪክ ዘመኑ የአፄ ኢያሱ ቀዳማዊ ነው። አንድ ገጽ ለመጻፍ ሁለት ሰዓት ሳነብ እውላለሁ።» — ከሥላሴ ሰፈር

የንባቡ ጊዜ ከወሩ በፊት ነበር። አሁን ወሩ ከገባ ፐፐ ያድኑበት፦ «በፐፐ ፈረስ ተቀምጦ»፣ «ፐፐ ምን ዓይነት ልብስ»። በቀን 15 ደቂቃ፣ ያውም 1,000ው ካለቀ በኋላ፣ ለማጣራት ይፍቀዱ። ጥናት የሥራ መልክ ያለው ስንፍና ሊሆን ይችላል፤ ታሪክ የሚወዱ ሰዎችን በጣም ያጠቃል።

ሆኖም በዚያ ዘመን ላይ የሚጽፉ ሰዎች የሚወድቁባቸውን ጉድጓዶች እዚሁ ብንጠቁምዎ ብዙ ሰዓት ያተርፋሉ። ንጉሡ የነገሡት እ.ኤ.አ. ከ1682 እስከ 1706 ነው። የማርያ ቴሬዛ ብር በእጃቸው ሊገባ አይችልም፤ ንግሥቲቱ ዙፋን የያዘችው በ1740 ነው፣ ብሩም ከዚያ በኋላ የወጣ ነው። ገበያተኛዎ በአሞሌ ጨው፣ በጨርቅ፣ ከበድ ሲል በወቄት ወርቅ ይገበያይ። ባሕር ዛፍ አይተክሉ፤ የገባው በምኒልክ ዘመን ነው። ወይራ፣ ጽድ፣ ዋንዛ፣ ሾላ አለልዎት። ድንችም ገና አልመጣም።

ቡና ደግሞ ትልቁ ወጥመድ ነው። ረከቦትና ጀበና ከሌለ ጎንደር የማይመስለን ብዙ ነን፤ ግን በዚያ ዘመን ክርስቲያኑ ቡና ይጸየፍ ነበር፤ በክርስቲያኑ ዘንድ የተስፋፋው በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ነው። እንግዳ የሚቀበሉት በጠላና በጠጅ ይሁን። ሙስሊም ነጋዴ ገጸ ባሕርይ ካለዎት ግን ቡናውን እሱ ቤት ያፍሉት፤ አንድ ክርስቲያን እንግዳ ደጁ ላይ ቆሞ ሽታው ሲመጣበት የሚያደርገው ነገር ራሱ ትዕይንት ነው።

ሕንፃዎቹንም ይለዩ። የፋሲል ግንብ አለ፤ ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ1636 የተቆረቆረች ናት። የበካፋ ግንብና የምንትዋብ ቁስቋም ግን ገና አልተሠሩም። ደብረ ብርሃን ሥላሴን የመሠረቱት ራሳቸው ኢያሱ ናቸው፤ ነገር ግን ዛሬ የቆመው ሕንፃ የመጀመሪያው ስላልሆነ ባለ ታሪክዎ ቀና ብሎ በጣሪያው ላይ ያሉትን የመላእክት ፊቶች እንዲያይ አያድርጉት። ይህን ስህተት የጎንደር አንባቢ በመጀመሪያው ገጽ ይይዝብዎታል።

«12ኛ ክፍል ነኝ። ላፕቶፕ የለኝም፣ ስልኬም አሮጌ ነው። በደብተር ብጽፍ ይቆጠርልኛል?» — ከአዘዞ

ይቆጠርልሻል፤ እንዲያውም ወደ ኋላ ተመልሶ ለመሰረዝ ስለማይመች ከስልክ የሚሻልበት ጊዜ አለ። አንድ ገጽ ጻፊና አሥር መስመር ላይ ያለውን ቃል ቁጠሪ። 68 ከሆነ በመስመር 6.8 ነው። ደብተርሽ 24 መስመር ካለው በገጽ 163 ገደማ ይሆናል፤ ስለዚህ 1,000 ቃል ከ6 ገጽ ትንሽ ይበልጣል። ባለ 50 ሉክ ደብተር 100 ገጽ ነው፣ 16,300 ቃል ይይዛል። ሁለት ደብተር ለ30,000 ይበቃሻል። ከዚያ ወዲያ ቃል አትቁጠሪ፤ ገጽ ቁጠሪ።

በየገጹ ራስ ላይ ቁጥር ጻፊ፤ ሉክ ይቀደዳል። በግራ በኩል ሦስት ጣት የሚያህል ኅዳግ ተዪ፤ ማስታወሻሽ እዚያ ይግባ። የዕለቱን ገጾች ማታ በስልክ ፎቶ አንሺ፤ ደብተር ይጠፋል፣ ዝናብ ይመታዋል፣ ታናሽ ወንድም ሒሳብ ይሠራበታል። «በንጹሕ ልገልብጠው» የሚል ሐሳብ ሲመጣብሽ እስከ ወሩ መጨረሻ እምቢ በዪ። ጥናትሽንም አትበድዪበት፤ አንቺ ፈተና ስላለብሽ ከኅዳር ይልቅ ነሐሴ ነው የሚሻልሽ።

«ቢሮ ኮምፒዩተር ላይ የጻፍኩት ስልኬ ላይ ስከፍተው ዝብርቅርቅ ያለ የላቲን ፊደል ሆነብኝ።» — ከፒያሳ

የጻፉበት ፊደል (ፎንት) ዩኒኮድ አይደለም፤ ዩኒኮድ ማለት ለእያንዳንዱ ፊደል በሁሉም መሣሪያ ላይ አንድ የሆነ የራሱን ቁጥር የሚሰጥ አሠራር ነው። የድሮዎቹ የግዕዝ ፊደላት አማርኛውን የሚሥሉት በላቲን ፊደሎች ቦታ ላይ ነው፤ ያ ፊደል በሌለበት ስልክ ላይ ሲከፈት ሥሩ ያለው ላቲን ብቅ ይላል። መለወጫ ፕሮግራሞች ስላሉ ጽሑፉ አልጠፋም፤ መጀመሪያ ግን አንድ ቅጂ አስቀምጠው ነው የሚነኩት። ላቲን ሳይሆን ባዶ አራት ማዕዘን ሳጥኖች ከታዩዎት ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ጽሑፉ ደህና ነው፣ የጎደለው የግዕዝ ፊደል ብቻ ነው።

ለወደፊቱ በፓወር ግዕዝ ከጻፉ የዩኒኮዱን ምርጫ ይውሰዱ፤ ኪማን የተባለው የመጻፊያ ፕሮግራምም ይሆናል። ኒያላ፣ ኢብሪማ፣ አቢሲኒካ የተባሉት ፎንቶች ሁሉም ዩኒኮድ ናቸው። ወሩ ከመግባቱ በፊት አንድ መስመር ጽፈው በቴሌግራም ወደ ራስዎ ይላኩና ስልክዎ ላይ ይክፈቱት። ዎርድ ሳይነኩት በየ10 ደቂቃው ነው የመጠባበቂያ ቅጂ የሚይዘው፤ ወደ 1 ደቂቃ ያውርዱት። መብራት ሲሄድ 10 ደቂቃ ማለት 100 ቃል ነው፤ የተጻፈን ድጋሚ መጻፍ ደግሞ ከመጻፍ ይከብዳል። ማታ ማታ ፋይሉን በዕለቱ ቀን ሰይመው አንድ ቅጂ ፍላሽ ላይ፣ ኢንተርኔት ካለ አንድ ቅጂ ኢሜይልዎ ውስጥ ያድርጉ። ጎግል ዶክስ የሚጠቀሙ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራበትን ምርጫ አስቀድመው ያብሩ፤ ከተቋረጠ በኋላ አይበራም።

«የባለ ታሪኬን ስም መቀየር ፈለግሁ፤ በአንድ ጊዜ ይቀየራል ሲሉኝ ቀየርኩት፣ ጉድ ሆንኩ።» — ከቀበሌ 18

ስሙ ተስፋ ነበር፣ ደረጀ አደረጉት፤ አሁን «ደረጀ ቆረጠ» የሚል ዓረፍተ ነገር በየገጹ አለዎት። ወዲያው ከሆነ «መልስ» (Undo) የሚለውን ይጫኑ። ካለፈ የትናንቱን ቅጂ ያውጡ። ሰላም፣ ፍቅር፣ ተስፋ፣ ደስታ የሚሉ ስሞች ቃልም ስለሆኑ ለረቂቅ አይመቹም። ሌላው ችግር ፊደላችን ነው፦ ኃይሉ፣ ሀይሉ፣ ሃይሉ ለእርስዎ አንድ ሰው ነው፣ ለማሽኑ ሦስት። በመጀመሪያው ቀን የሁሉንም ስም አጻጻፍ በአንድ ወረቀት ላይ ጽፈው ግድግዳ ላይ ይለጥፉ።

ወንዱን ገጸ ባሕርይ ሴት ለማድረግ ካሰቡማ ከነጭራሹ አይነኩት፤ በአማርኛ እያንዳንዱ ግሥ መለወጥ አለበት። ከዛሬ ጀምሮ «አለች» እያሉ ይቀጥሉ፣ ፐፐ ያስቀምጡ፣ የኋላውን ወሩ ሲያልፍ ያርሙታል።

«አራት ጓደኛሞች ነን፤ አብረን ብንጽፍ ምን ደንብ ያስፈልገናል? ሐሳባችንን ቢሰርቁንስ?» — ከማራኪ

ቡና ይፈላ፤ ደንቡ በውስጡ አለ። አቦል ተጠጥቶ ስኒው ሲታጠብ 25 ደቂቃ ዝም ተብሎ ይጻፋል። ቶና ይጠጣል፤ ሌላ ዙር። በረካ ላይ የዕለቱ ቁጥር ብቻ ይነገራል፤ እገሊት 740፣ እገሌ 600። ማንም ረቂቁን ጮክ ብሎ አያንብብ። በ10 ቀን የተነበበ ረቂቅ ሙገሳ ካገኘ ጸሐፊው መፍራት ይጀምራል፤ ትችት ካገኘ ወደ ምዕራፍ አንድ ይመለሳል። ሁለቱም ያቆሙታል። ቡና የሚያፈላው በተራ ይሁን፤ አለዚያ አንዷ ሳትጽፍ ወሩ ያልቃል።

ስለ ሌብነቱ፦ በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ወጥ የሆነ የጽሑፍ ሥራ በወረቀት ወይም በሌላ ነገር ላይ ሰፍሮ እስከተገኘ ድረስ ያለ ምዝገባም ጥበቃ አለው። ጥበቃው ግን ለተጻፈው ነው፣ ለሐሳቡ አይደለም። በየቀኑ የተቀመጡት ባለ ቀን ቅጂዎች መቼ እንደጻፋችሁት ለማሳየት ይረዳሉ።

«30,000 ሞላሁ። ማተሚያ ቤት ልውሰደው?» — ከአውቶ ፓርኮ አካባቢ

አይውሰዱት። አንድ ወር ሳያዩት ያስቀምጡ፤ አሁን ቢያነቡት የሚያነቡት የጻፉትን ሳይሆን ለመጻፍ ያሰቡትን ነው። ከዚያ በወረቀቱ አንድ ገጽታ ብቻ ያትሙት፤ ጀርባው ለማስታወሻ ይሆናል። መጀመሪያ ከዳር እስከ ዳር ሳያርሙ ያንብቡ፤ የሰለቸዎት ቦታ ላይ ብቻ በኅዳጉ ሰረዝ ያድርጉ። ሰረዝ የበዛበት ምዕራፍ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ነው። የመጀመሪያው 2,000 ቃል እርስዎ ወደ ታሪኩ ለመግባት የተንደረደሩበት ነው፤ ያለ እሱ ታሪኩ ከቆመ ይውጣ።

ሁለተኛው ንባብ ላይ ነው እርማቱ የሚጀምረው፤ ቅደም ተከተሉም ከትልቅ ወደ ትንሽ ይሁን። የጎደለ ትዕይንት፣ ከዚያ ውይይት፣ በመጨረሻ ፊደል። ነገ የሚሰርዙትን ገጽ ሀ ነው ሐ ነው እያሉ ማረም ጊዜ ማባከን ነው። ፐፐ ብለው ሲፈልጉ አንድም የማያገኙ ከሆነ፣ እርስዎን የማይፈሩ ሁለት ሰዎችም አንብበው ከመለሱልዎት፣ ያን ጊዜ ወደ ማተሚያ ቤት ይሂዱ። ዋጋ ሲጠይቁ የገጹን ብዛት፣ የመጽሐፉን መጠን፣ የወረቀቱን ዓይነትና ስንት ቅጂ እንደሚፈልጉ ይናገሩ፤ እነዚህን ሳይሰማ ቁጥር ከሚጠራልዎት ጋር አይዋዋሉ።